ሣር ያለበሱት የፍግ ጉብታ

ሳሎሜያ የጨጓራ ሾርባዋን የምትሸጠው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ በሚያልፍበት ቦታ ነበር። ከአሮጌው ዋርሶ ወደ ቪስቱላ ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት፣ የፍግ ጉብታ ከሚባለው ግርጌ፣ ብቻውን የቀረ ግድግዳ አለ። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ወለሉ ከጦርነቱ ጋር ሄዷል። የቀረው ያ አራት ፎቅ የሚያህል፣ ሬንጅ የተለቀለቀ፣ ጥቀርሻ የጠጣ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ድድ ላይ እንደቀረ የበሰበሰ ጥርስ ቆሟል። አስቀያሚ ነው። ሳሎሜያም አስቀያሚነቱን አትክድም። ሰው «እንዴት እዚህ ትሸጫለሽ?» ሲላት «አፍንጫህን ቤትህ ትተህ ና» ትለውና ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ትከታለች።

ሌሎቹ ሾርባ ሻጮች ሽቅብ ወደ አደባባዩ ወጥተዋል፣ አዲሶቹ ቤቶች ወደሚሠሩበት፣ ግንበኛውም ሹሙም ወደሚበዛበት። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ግድግዳው የልጇ ነው።

ሉድካ ትባላለች ልጇ። ከተማው በጀርመኖች ላይ ባመጸበት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ጀርመኖች የሰፈሩን ሰው ከየምድር ቤቱ አውጥተው እዚህ ግድግዳ ላይ አሰለፉት። ረሸኑት። ሬሳውን ቤንዚን አርከፍክፈው አቃጠሉት። ሳሎሜያ ያን ሰሞን ድንች ፍለጋ ወንዙን ተሻግራ ማዶ ነበረች፤ ድልድዮቹ ተዘጉባትና እዚያው ቀረች። ከማዶ ዳርቻ ሆና ከተማዋ ስትጨስ አየች። የተመለሰችው ወንዙ በረዶ ሲሠራ በእግሯ ነው። ስትደርስ የሚቀበር አልነበረም። አጥንት የለ፣ መስቀል የለ። ያገኘችው ግድግዳው ላይ ያሉትን የጥይት ቀዳዳዎች ነው። የትኛው የሉድካ እንደሆነ አታውቅም። ስለማታውቅም አንዱንም ልትተው አትችልም።

እንግዲህ ጦርነቱ አልቆ ከተማው እንደገና ሲሠራ፣ ያየ ሁሉ «እንደ ድሮው ይሁን» አለ። የትኛው ድሮ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የግንባታው ቢሮ ሥዕል መረጠ። አንድ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ለንጉሡ የሣለው ነው፤ ከተማዋን ከወንዙ ማዶ ሆኖ መስኮት በመስኮት ሥሏታል። ሥዕሉ ላይ መስኮቱ ሁለት ከሆነ ሁለት ይሠራል፣ ጣሪያው ቀይ ከሆነ ቀይ ይለብሳል። ከሥዕሉ ወዲህ የተሠራ ግንብ ግን እንደ ኪንታሮት ይቆረጣል።

በዚያ ጸደይ ቆፋሪዎቹ ጉብታውን ነካኩት። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። ከተማው ከጥንት ጀምሮ የሰገራ ባልዲውን፣ የሞተ ፈረሱን፣ የቄራውን ትርፍራፊ የደፋው እዚያ ነው። የቂጥኝ በሽተኛ እንኳ ፍጉ ይፈውሰዋል ተብሎ እስከ አንገቱ ይቀበርበት ነበር ይባላል። አካፋው ክንድ ያህል ሲገባ የአያት የቅድመ አያት ግማት ተነሣ። ሥጋ አይደለም፣ እበት አይደለም፤ ሁሉም ባንድ ላይ የፈላ፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነገር ነው። ቆፋሪዎቹ መሀረብ አስረው እየተፉ ይሠሩ ነበር።

የግንበኞቹ አለቃ ቫሌንቲ ጎድጓዳ ሳህኑን ይዞ መጣ። ጺሙ ላይ ኖራ ደርቋል።

«እመት ሳሎሜያ፣ ይሄ የሚሸተው ሾርባሽ ነው ጉብታው?»

«አንተ ነህ። እግርህን ስትታጠብ ይለቅሃል።»

«ግም ለግም አብረህ አዝግም አሉ! በይ ቅጂ። ቁንዶ በርበሬውን አብዢው፣ አፍንጫዬ ይሙትልኝ።»

እንዲህ ሲባባሉ መሐንዲሱ ቼዛሪ ቁልቁለቱን ወረደ። ቀጭን ሰው ነው፣ አንገቱ ላይ ቢራቢሮ ክራቫት ያስራል፤ ባንድ እጁ አፍንጫውን በመሀረብ ይዟል፣ በሌላው ካርቶን ላይ የተለጠፈ የዚያን ሥዕል ፎቶግራፍ። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ካርቶኑን አየ፣ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ ደግሞ ካርቶኑን።

«ይሄ ግድግዳ የለም» አለ።

ሳሎሜያ ዞር ብላ በጭልፋዋ መታ መታ አደረገችው። «አለ እንጂ። ጀርባዬን ታዲያ ምን ላይ አስደግፌ ነው የቆምኩት?»

«ሥዕሉ ላይ የለም ማለቴ ነው፣ ወይዘሮ። ይሄ በአያቶቻችን ጊዜ ለኪራይ የተሠራ ርካሽ ግንብ ነው። ሥዕሉ ላይ እዚህ ጋ ዛፍና ሣር ነው ያለው።»

«ምኑ ላይ የበቀለ ሣር?»

«ጉብታው ላይ።»

«እዚህ አር ላይ?»

ቫሌንቲ ሾርባው ትን አለው። «ጌታዬ መሐንዲስ፣ ሣሩን ማን አጨደው? ከጋጡት በጎች መሀል በሕይወት የተረፈ አለ?»

መሐንዲሱ አልሳቀም። «ከሐምሌው የመንግሥት በዓል በፊት ይፈርሳል» አለ።

«ልጄ የተገደለችው እዚህ ነው» አለች ሳሎሜያ።

«በዚህ ከተማ ሰው ያልተገደለበት ግድግዳ የት አለ፣ ወይዘሮ? ሁሉንም ብንተው መቃብር ውስጥ መኖራችን ነው።» በለስላሳ ድምፅ ነው ያለው፣ በሽተኛ እንደሚያባብል ሰው። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ያ ልስላሴው ከጉብታው ይልቅ አቅለሸለሻት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉን ራሷ ልታየው ወደ ሙዚየሙ ሄደች። ልጄን ከምን ጋር ነው የሚለውጧት፣ ልየው ብላ ነው። በሩ ላይ ከጫማዋ በላይ የምታጠልቀው ነጠላ የሱፍ ጫማ ሰጧት፤ ወለሉ እንዳይቧጠጥ ጎብኚ ሁሉ ያንን እየጎተተ ነው የሚዞረው። ስንት ሰው እግር የገባበት፣ እርጥበት ያልለቀቀው፣ እንደ ታመመ ውሻ የሚሸት ነገር ነው። እየቀፈፋት አጠለቀችው። እንደ ዝይ እየተንሸራተተች ስትገባ ሰዎቹ ዞር ዞር አሉላት። ቀሚሷን ብትቀይርም የጨጓራው ሽታ ፀጉሯ ውስጥ ነበር።

ሥዕሉ ግድግዳ ሙሉ ነው። መጀመሪያ ያየችው ወንዙን ነው፤ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ፣ የሚጠጣ ውሃ የሚመስል። በዚያ ወንዝ ላይ የፈረስ ሬሳ ተነፍቶ ሲንሳፈፍ ያየች ሴት ናት። ጀልባዎች አሉ፣ ሸራቸው ላይ ስፌቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ግንድ የሚያንሳፍፉ ሰዎች አሉ። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ጆሮውን የሚያክ ውሻ፣ ጃንጥላ የያዘች እመቤት። ሽቅቡ ላይ ቤቶቹ፣ መስኮቱ ሁሉ መስታወት አለው። አንዱ ጣሪያ ላይ ሴትዮ አንሶላ ታሰጣለች፣ አንሶላው ላይ ጥላዋ ይታያል። እውነትም እጁ የተባረከ ነበር። ይህም ነው የባሰ ያናደዳት። ጥላ ለማየት ዓይን ያለው ሰው ፍጉን እንዴት ሳተው?

ቆየት ብላ ሌላ ነገር ገባት። ሠዓሊው የቆመው እሷ በዚያ ነሐሴ በቆመችበት ዳርቻ ላይ ነው። ያው ወንዝ፣ ያው ሽቅብ፣ ያው ማማ። እሷ ጭስ ያየችበትን እሱ ደመና ሥሎበታል፣ ጥጥ የመሰለ ደመና። ጉብታውን ፈለገችው። አገኘችው። አረንጓዴ ነው፤ ሣር ለብሶ፣ ዛፍ ተደርድሮለት። ግድግዳው ባለበት ቦታ፣ ሉድካ በቆመችበት፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ጌታ ተንጠራርቶ አየር ይስባል።

አየር ይስባል! ወለሉ ላይ መትፋት ስላልቻለች መሀረቧ ላይ ተፋች።

ጠባቂዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ካልሲ የምትሠራ አሮጊት ነበረች። «ኧረ ወይዘሮ አይጠጉት! እስትንፋስዎ ያበላሸዋል!»

«የኔ እስትንፋስ ነው የሚያበላሸው? ይሄ የፍግ ጉብታ ነው። ፍጉ የታለ?»

«ለንጉሥ የተሣለ ነው'ኮ። ለንጉሥ ፍግ ይሣላል?»

«ንጉሡ ሽንት ቤት አይሄድም ነበር?»

አሮጊቷ ካልሲውን አፏ ላይ ጭና ሳቋን ዋጠችው። «ይሂዱ፣ ይሂዱ እባክዎ፣ ከሥራዬ ያስባርሩኛል።»

በማግስቱ ሳሎሜያ ሽርጧን እንደታጠቀች ቢሮው ገባች። መሐንዲሱ ሰሌዳ ላይ አጎንብሶ ነበር።

«ሠዓሊዎ ውሸታም ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

ይህን አልጠበቀችም።

«መንገዱን አስፍቶታል» አለ መሐንዲሱ፣ ቀና ሳይል። «ማማውን ገፋ አድርጎታል። ያልተሠራውን እንደተሠራ አድርጎ ሥሎታል። ሁሉንም ለክተነዋል፣ እናውቃለን።»

«ታዲያ ለውሸታም ብላችሁ ነው የምታፈርሱት?»

«ውሸቱ ያምራል፣ ወይዘሮ። እውነቱን እኔም አይቼዋለሁ። ከፍርስራሽ ሥር በእጄ አውጥቼዋለሁ፣ እናቴንም ጭምር። አሁን ድረስ እጄን ስታጠብ ይሸተኛል። ደግሜ ላየው አልፈልግም። ልጆችም እንዲያዩት አልፈልግም።»

ሳሎሜያ ለአፍታ አዘነችለት። ሐዘኑ ግን አላቆያትም። «ማየት ካልፈለጉ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እርስዎ እንዳይሸትዎ የኔ ልጅ ለምን ትፍረስ?»

መሐንዲሱ መስመሩን ማስመር ቀጠለ። እሷም አልሄደችም፤ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በነጋታውም መጣች፣ በሳልስቱም። ሾርባዋን ሸጣ ስትጨርስ ከነሽርጧ ትመጣለች፤ ሽርጧን ማጠብ ሆን ብላ ተወች። የጨጓራው ስብ ደርቆ እንደ ቆዳ ደነደነ፣ ቢሮው ቄራ ቄራ ሸተተ። ታይፒስቶቹ መስኮት ከፈቱ፣ ሽቶ ረጩ፤ ሽቶውና ስቡ ሲቀላቀል ደግሞ ባሰ።

«እባክዎ፣ ሞት አይሻለንም ወይ!» አለች አንዷ፣ ቅንድቧን የተኳለች ልጅ። «ምሳዬን መብላት አቃተኝ'ኮ!»

«አትብዪያ። ልጄ ምሳ ከበላች ቆየች።»

ልጅቱ ቅላቷ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የተናገራት የለም። እንዲህ እንዲህ ሲል ሰንብቶ አንድ ቀን መሐንዲሱ ራሱ ወጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ግድግዳው አይፈርስም» አላት። «ለጊዜው። ቢፈርስ አጠገቡ ያለውን አዲስ ግንብ ያናጋዋል ብዬ ጽፌያለሁ። ለበዓሉ በሸራ ይሸፈናል፣ በቃ። አሁን በፈጠረዎት ሽርጡን ይጠቡት።»

አሸነፍኩ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሽርጡን በአመድ ፈትጋ አጠበችው። እንደዚያ ሌሊት ተኝታ አታውቅም።

ሸራው ሐምሌ ላይ በሁለት መኪና ተጭኖ መጣ። የቴአትር ቤት ሠዓሊዎች ናቸው የሠሩት። ሲዘረጉት ሳሎሜያ ጭልፋዋ ከእጇ ወደቀ፤ ያው ሥዕል ነው። ያው ወንዝ፣ ያው ጥጥ ደመና፣ አረንጓዴው ጉብታ፣ ሰውየው ከነባርኔጣው፣ አሁን ግን የቤት በር ያህል ቁመት አውጥቶ። ቀለሙን በአጥንት ሙጫ ነው ያቦኩት። ፀሐይ ሲያገኘው የተቀቀለ አጥንት ይሸታል። በገመድ ጎትተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፣ ቀዳዳዎቹም አንድ በአንድ ሣር ሥር ገቡ።

«ይሄ ነው ወይ መሸፈኛው?» አለች።

ቫሌንቲ ራሱን አከከ። «እመት ሳሎሜያ፣ ምን ትሆኚ? ቢያንስ አልፈረሰም። ደግሞ እይው፣ ሠዓሊው አንቺንም ረስቶሻል። ሥዕሉ ላይ የለሽም። ተጠንቀቂ፣ ትፈርሻለሽ!»

አልሳቀችለትም።

የበዓሉ ዕለት እንግዶች መጡ፤ ከውጭ አገር የመጡ፣ አበባ የተሰጣቸው። ባንዲራው፣ ሙዚቃው፣ ንግግሩ ሆነ። አንድ ትልቅ ሹም ሸራው ፊት ቆሞ «ድንቅ ነው! ድንቅ!» አለ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ። ቢራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቢራ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል፤ በሸራውና በግድግዳው መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ከዓይን ይሰውራል። አንዱ ገባ፣ ቀበቶውን እያጠበቀ ወጣ። ሌላው ገባ። ሳሎሜያ ነገሩ የገባት ከሥዕሉ ሥር ቀጭን ጅረት ወጥቶ ወደ ድስቷ ሲመጣ ነው።

ጭልፋዋን ይዛ ዘልላ ገባች። አንድ ወፍራም፣ ደረቱ ላይ ሜዳልያ የደረደረ ሰውዬ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሸናል። በጭልፋው ጀርባ ማጅራቱን አለችው።

«ኧረ ጓድ ሴትዮ! ምን ሆንሽ?»

«ውጣ! ውጣ አንተ አሳማ! ሰው ላይ ነው የምትሸናው!»

«ምን ሰው? የማን ሰው አለ እዚህ?»

ሰውየው ሱሪውን ይዞ ወጣ። እሷ እዚያው ቀረች። ሙቅ ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ ሽንቱ ጡቡ ላይ ይጨሳል። የሸራው ጀርባ ከደረቷ ተጣብቋል። ከወዲያ ሰው ያጨበጭባል። እዚያው አስታወከች፣ ያውም ግድግዳው ሥር፤ ለዚህ ደግሞ ራሷን ይቅር አላለችም።

ማታውን መሐንዲሱ መጣ። የዛን ቀን መሀረብ አልያዘም።

«ወደውታል» አላት። «እንዳይነሣ ብለዋል። አንድ ነገር ይወቁ ወይዘሮ። ይሄ ሸራ እስካለ ድረስ ግድግዳው የት አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሸራው የወደቀ ቀን ግን ግድግዳውን ያዩታል፤ ካዩት ሳምንት አያድርም። እኔም ያን ጊዜ የምጽፈው ነገር የለኝም።»

«እንግዲያው የልጄ ጠባቂ ይሄ ቆሻሻ ነው?»

«እሱ ነው» አለ መሐንዲሱ።

ከዚያ ወዲያ ሳሎሜያ ክፍተቱን ከግራና ከቀኝ በሳንቃ ዘጋችው። ሳንቃውን ቫሌንቲ ሰጣት፣ ከየት እንዳመጣው አልጠየቀችም። ሾርባዋን ለሸራው ጀርባዋን ሰጥታ ትሸጣለች። ሰው ቆሞ «እንዴት ያምራል!» ሲል ትሰማለች። ለዚያ ሰው ስቡን እንጂ ጨጓራውን አትጨልፍለትም።

ጥቅምት ላይ ከወንዙ ነፋስ ተነሣ። አንድ ጠዋት ድስቷን አዝላ ስትመጣ የሸራው የግራ ጎን ተቀዶ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አገኘችው። የተሣለው ሰማይ ተገልብጦ ጭቃ ይጠርጋል። ቀዳዳዎቹ ወጥተዋል። ዝናብ አጥቧቸው ነበር፣ ጠርዛቸው ቀይ ሆኖ ይታያል።

ሰው ቆሟል። ወደ ሥራ የሚወርዱ ናቸው፤ በየቀኑ የሚያልፉ፣ ሸራውን እያዩ የሚያልፉ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቋል። አንዲት ሴት አማተበችና ከቅርጫቷ ሻማ አወጣች፣ ለሙታን ቀን የገዛችውን ሳይሆን አይቀርም፤ ለኩሳ ግድግዳው ሥር አቆመችው። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሳሎሜያ ድስቷን አስቀመጠች። ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ ቦታ ሰው ለሉድካ ሲቆም ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰዉ ሲበተን ቫሌንቲ ቀረበ። «ተይው» አላት፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶ። «ይታይ። ሰው ይየው። ምን አለበት?»

«ቢሮውም ያየዋላ።»

«ዛሬ እኮ አይመጡም።»

«ነገ ይመጣሉ። ነገ ባይመጡ ከነገ ወዲያ።» ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሻማውን እሳት በጣቶቿ ቆንጥጣ አጠፋችው። ሸራው በአጥንት ሙጫ የተቀባ ነው፣ እሳት ከነካው አይተርፍም። ትኩሱን ሻማ በሽርጧ ኪስ ከተተችው።

«መሰላል አምጣ» አለችው። «መዶሻና ሚስማርም።»

«ያንን የምትጸየፊውን ነገር በእጅሽ ልትሰቅዪው ነው?»

«በእግሬ ልስቀለው?»

መሰላሉን አመጣ፣ ያዘላት። እርጥቡን ሸራ በትከሻዋ ተሸክማ ወጣች። እንደ ታረደ ከብት ቆዳ ይከብዳል። ውሃ የነካው ሙጫ ቀልጦ እጇ ላይ ተዝለገለገ። ጠርዙን ግድግዳው ላይ ጎትታ አስጠጋችው። አንድ ቀዳዳ ተሸፈነ። ሌላው ተሸፈነ።

«ጡቡ ላይ ምቺው» አለ ቫሌንቲ ከታች። «መገጣጠሚያው ላይ አይይዝልሽም።»

«ጡቡን አልነካም።»

«ነገ መልሶ ይወድቃል።»

«ነገ መልሼ እሰቅለዋለሁ።»

በጡቦቹ መሀል ያለውን ስንጥቅ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ትፈልጋለች፣ ሚስማሩን ትተክላለች፣ ትመታለች። ፊቷ አረንጓዴው ሣር ላይ ተለጥፏል። ሣሩ አጥንት ይሸታል። እንትፍ አለችበት። ምራቁ በሣሩ ላይ ወርዶ ቀለሙን ሲያጥበው አይታ ደነገጠችና በእጅጌዋ ጠረገችው፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይለቅ።

«ሚስማር» አለች፣ እጇን ወደ ታች ዘርግታ።